ባለሻማዋ ፎቶ

የካቲት 3 ቀን 2006፣ ሰኞ

የማኅበራችን ኃላፊ ጋሽ ጉልላት ከሥልጠና ተመለሱ። ሦስት ቀን ሙሉ ሐይቅ ዳር ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው የተማሩት «በኦንላይን ማርኬቲንግ የእርዳታ ገቢን ማሳደግ» የሚባል ነገር ነው። አንድ የምስክር ወረቀት፣ አንድ ሰማያዊ ቦርሳና አንድ እስክሪብቶ ይዘው መጡ። ቦርሳውን ለራሳቸው አስቀርተው ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ።

«ልጄ ፅጌ፣ ፌስቡክ ትከፍቻለሽ አይደል?»

«አልፎ አልፎ» አልኳቸው። በቀን ስንት ጊዜ እንደምከፍት እኔና ስልኬ እናውቃለን።

ሰውዬው የተጨነቁት በከንቱ አይደለም። ማኅበራችን መናኸሪያ አካባቢ በተከራየው ግቢ አሥራ ሰባት አረጋውያን ይጦራል። ይረዳን የነበረው የውጭ ድርጅት «ፕሮጀክቴ አለቀ» ብሎ ከተሰናበተን ስድስት ወር ሊሞላው ነው። የግቢው ባለቤት አቶ ጠሀ ደግሞ የዓመቱን ኪራይ በአንድ ጊዜ ካልከፈልን ከፋሲካ በኋላ ቦታውን ለጋራዥ እንደሚሰጡት ተናግረዋል። ከዚያ ወዲያ አሮጊትና ሽማግሌዎቹ የት እንደሚበተኑ የሚያውቅ የለም።

ከአሥራ ሰባቱ አሥራ ስድስቱን የሚፈልግ ሰው የለም። አንዷ ግን ልጅ አላቸው። በድሮ ሠፈራቸው ለጎረቤቶቻቸው የተውኩት አድራሻ የዚህ ግቢ ነው። ልጃቸው አንድ ቀን ቢመጣ የሚመጣው ወደዚህ ነው።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ፔጁ ተከፈተ። እስካሁን የወደደው እኔ፣ ጋሽ ጉልላትና የጋሽ ጉልላት የእህት ልጅ።

በሥልጠናው ላይ የተባለው እንዲህ ነው፤ ሰው ለአሥራ ሰባት ሰው አያዝንም፣ ለአንድ ሰው ያዝናል። ስለዚህ አንድ ፊት ይመረጥ። ጋሽ ጉልላት በግቢው ዞር ዞር ብለው መረጡ። «ወይዘሮ ከበቡሽ» አሉ። «መልኳ ሰው ያቆማል።»

ከአሥራ ሰባቱ እሳቸውን።

እትዬ ከበቡሽ የቴሌ ኦፕሬተር ነበሩ፤ አንድ ሰው ከሌላ ከተማ ጋር ለመነጋገር በሰው እጅ መስመር በሚገናኝበት ዘመን። አሁን ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ጸሐፊዋ» ይሉኛል። «ጸሐፊዋ፣ ስልኬን ሰክተሽልኛል?» ስልካቸው ቁልፎቿ የተላጡ አሮጌ ኖኪያ ናት፤ ደህና ሶኬት ያለው ቢሮ ብቻ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ትውላለች። በየወሩ የአምስት ብር ካርድ እሞላላታለሁ። ካልተሞላ ቁጥሩ ይዘጋል። ለሥራ የሚያስፈልግ ቁጥር ስለሆነ ነው።

የካቲት 9፣ እሑድ

ከቸርች መልስ። ቤት ውስጥ ማንም የለም፤ ይህን ደብተርም ማንም አያነበውም። ስለዚህ ልጻፈው።

ሄኖክን ሳውቀው እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ ብስክሌት ያከራይ ነበር። ለእኔ አያከራየኝም፤ ራሱ ከኋላ ጭኖ ሐይቅ ድረስ ይወስደኛል። ዳገት ሲሆን ውረጂ አይለኝም ነበር። ቆሞ ይነዳል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል፣ እኔ ደግሞ እስቃለሁ። በ2000 ዓ.ም. ለእናቱ ሊያስተዋውቀኝ ቤት ወሰደኝ። እናቱ ጥሩ አድርገው ተቀበሉኝ፣ ጥሩ አድርገው አበሉኝ፣ ከዚያ «የየትኛው ደብር ልጅ ነሽ?» ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ከአያቴ ጀምሮ ጴንጤ ነን። እትዬ ከበቡሽ ሳህኑን አነሡ። ጫማዬን ሳስር በበሩ የሰማሁት አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው።

«ሄኖክ፣ በቁሜ አትቅበረኝ።»

እሱም አልተጣላቸውም፣ እኔንም አልተወኝም። በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ፣ ያኔ ማንንም አናስፈቅድም» አለኝ። የመጀመሪያውን ዓመት በየእሑዱ ደወለ። ቀጥሎ በየወሩ። ቀጥሎ ስልኬ ተሰረቀ አለ። ቀጥሎ ምንም። ለእናቱ ከእኔ በኋላም አንድ ዓመት ያህል ደውሏል፤ እሱም ከቆመ ሁለት ዓመት አለፈው። በሕይወት መኖሩን የሚያውቅ የለም። ሱቅ ሲዘረፍ ሰው እንደሚሞት በሬዲዮ እንሰማለን።

እኔ እዚህ ማኅበር የተቀጠርኩት እትዬ ከበቡሽ ከመግባታቸው በፊት ነው። ይህን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን የለም። የቀበሌው ቤታቸው ለመንገድ ሲፈርስ ወደዚህ እንዲገቡ ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ መሆኔ ሌላ ጉዳይ ነው።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ጋሽ ጉልላት ያዘዙት ፎቶ፦ የተቀደደ ብርድ ልብስ፣ ባዶ ሳህን፣ ዕንባ ከተገኘ ደግሞ ዕንባ።

እትዬ ከበቡሽ ትእዛዙን እስከ መጨረሻው ሰሙና «አይሆንም» አሉ። «እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የመንግሥት ደመወዝ የበላሁ ሰው ነኝ። ልጄ ቢያየው እናቴ ለምና በላች ይላል።»

«ልጅዎ ያየዋል ብለው ነው?» አልኩ። ድምፄ እንዴት ሆኖ እንደወጣ እንጃ፤ ቀና ብለው አዩኝ። ረጅም አስተያየት ነበር።

«ፌስቡክ የሚሉት ሁሉም አገር ይደርሳል አላልሽም?»

ከሣጥናቸው ነጭ ነጠላ አወጡ። ፀጉራቸውን አስተካከሉ። ባለመደገፊያውን ወንበር ግድግዳው ሥር አስቀመጥኩላቸው፤ እንደ ድሮ ፎቶ ቤት ቀጥ ብለው፣ ጥርስ ሳያሳዩ፣ ስልኳን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አንድ ጊዜ ብቻ አነሳሁ። ሁለተኛ አላስፈለገም።

የሄኖክ ግንባር የእሳቸው ነው። እስከዛሬ አላስተዋልኩትም ነበር።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ሁዳዴ ገባ። ፎቶው ተለጠፈ። ጽሑፉ የጋሽ ጉልላት ነው፦ «ጧሪና ቀባሪ ያጡ እናት እጅዎን ይጠብቃሉ።»

አሥራ አንድ ላይክ። ስድስቱ የእኛው ሰዎች። አንድ ኮሜንት፦ «ጤነኛ ይመስላሉ እኮ።»

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ጠዋት ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማየው ላይክ ያደረጉትን ሰዎች ስም ነው። ለእያንዳንዱ ምስጋና መጻፍ አለብን፤ ሥልጠናው ላይ ተብሏል። ሄኖክ የሚባል ሰው እስካሁን ሦስት መጣ። አንዱ አዳማ፣ አንዱ ተማሪ፣ አንዱ ፎቶው መኪና ነው። መኪናውን ግማሽ ሰዓት ያህል አየሁት። ምስጋና ጻፍኩለት። «ምን አይነት ስልክ አለሽ?» ብሎ መለሰልኝ። እሱ አይደለም።

ወጥ ቤት በኩል ሳልፍ የሰማሁት፦ «ፅጌ ፌስቡክ ላይ ባል እየፈለገች ነው አሉ።» ሳቁ። እኔም ገብቼ አብሬ ሳቅሁ።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

መብራት የለም። አቶ ጠሀ አንድ መካኒክ ይዘው መጥተው ግቢውን በእርምጃ አስለኩ። ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው አዩ። እትዬ ከበቡሽ ብቻ ወንበራቸውን አላነሡም፤ መካኒኩ ዞሮ አለፈ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

መሃል ከተማ ኮምፒውተር የሚጠግነው ኦሊያድ ዘንድ ሄድኩ። የፔጅ ነገር ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም ይባላል፤ የሆቴል፣ የልብስ ቤት፣ የሁለት ዘማሪዎች ፔጅ በእጁ ነው። ፔጃችንን ከላይ እስከ ታች አየና እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካ።

«ድህነት እኮ በሁሉም ፔጅ ላይ አለ» አለኝ። «ሰው አይቶ አይቶ ሰልችቶታል። የእሳቸው ብቻ የሆነ፣ ሌላ ሰው የሌለው ምን አላቸው?»

ልጅ አላቸው ልለው ምንም አልቀረኝም። «እንጃ» አልኩት።

ጥሩ ነገር ካመጣሁ ፎቶውን አሳምሮ በነፃ ይሠራልኛል። ለብዙ ሰው እንዲታይ የሚከፈለውንም ዱባይ ያለች እህቱ በባንክ ካርዷ ትከፍልልናለች።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

እትዬ ከበቡሽን ስለ ሥራቸው ጠየቅኋቸው። ሁለት ዓመት አንድ ግቢ ውለን እስከዛሬ አለመጠየቄን ሳስበው አፈርኩ። ሰው የቀማችኝን ሴት ስለ ወጣትነቷ ልጠይቅ? ብዬ ይሆናል።

ሁለት ሰዓት ተናገሩ። ጠረጴዛው፣ ቀዳዳዎቹ፣ ገመዶቹ፣ ጆሮ ላይ የሚጠለቀው። ሐዋሳ ያኔ ትንሽ ነበረች፤ የከተማውን ሰው ሁሉ በድምፁ ያውቁት ነበር። ልጁ ጦር ሜዳ ያለበትን አባት፣ ምጥ የያዛት ሚስት ያለችውን ሾፌር ያገናኙ ነበር።

«ከጀርባ ያለው ሁሉ ይሰማኛል» አሉኝ። «የሚያለቅስ ሕፃን፣ የሚጋጭ ብርጭቆ። ባል መሥሪያ ቤት ነኝ ሲል ብርጭቆው ይሰማኛል። ለሚስት ተናግሬ ግን አላውቅም። ኦፕሬተር ይሰማል እንጂ አይናገርም።»

«መስመር ሲበላሽስ?»

«መስመር ሲቆረጥና ሰው ሲዘጋው አንድ አይደለም። ሰው ሲዘጋው ቀጭ ይላል፣ ሲቆረጥ ይጮኻል። ጆሮዬ እስከዛሬ አይስተውም።»

ከዚያ ጭናቸው ላይ ያለችውን ስልክ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። የከተማውን ሰው ሁሉ ሲያገናኙ ኖረው የሚጠብቁት አንድ ጥሪ ነው። ለእኔ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ጽሑፉን ራሴ ጻፍኩት። ስለ መስመሩ፣ ስለ ድምፃቸው። «በ1970ዎቹ ከሐዋሳ ደውለው ከሆነ ያገናኘዎት እሳቸው ናቸው» ይላል። ድህነት የሚል ቃል አንድም የለበትም። መጨረሻው ላይ የማኅበሩ የባንክ ቁጥርና የእትዬ ከበቡሽ ስልክ ቁጥር አለ።

ኦሊያድ ፎቶውን ሁለት አድርጎ ሠራልኝ። አንዷን መረጥኩ። ተለጠፈ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ምን እንደሆነ አላውቅም። ሼር ስምንት መቶ አልፏል። ፔጁን ስከፍት ስልኬ ይቆማል።

«ነፍስ ይማር። አባቴን ከአሥመራ ያገናኘችው እሷ ናት።»

«ጌታ ቤተሰቡን ያጽናና።»

«ድምፅዋ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ወይኔ ሐዋሳ።»

«ቀብሩ የት ነው?»

ሻማ፣ ሻማ፣ ሻማ። በየኮሜንቱ ሥር ሻማ። ማንም ሞቱ አላለም፤ እኔ አልጻፍኩም። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ነው መሰለኝ። ጥጉ ላይ ሻማ ስላለች ነው መሰለኝ። ኦሊያድ ነው የሠራው።

የጆሃንስበርግ የሐዋሳ ልጆች የሚባል ግሩፕ ሼር አድርጎታል።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ቸርች አልሄድኩም። በጠዋት ጋሽ ጉልላት ደውለው «ነይ፣ ፈጠን በይ» አሉኝ።

ግቢው በር ላይ ሃያ ያህል ሰው ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከድሮ ቴሌ ሠራተኞች ሁለቱ ግድግዳ ተደግፈው ያለቅሳሉ። ከአንድ እድር ድንኳን የጫነ ጋሪ መጥቷል። ንፍሮ በሰፌድ። አቶ ጠሀ ራሳቸው ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ከሁለት ነጋዴዎች ጋር፣ አንገታቸውን ደፍተው ከፊት ቆመዋል።

በሩን የከፈቱት እትዬ ከበቡሽ ናቸው።

አንዷ አልቃሽ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። አቶ ጠሀ «አዑዙ ቢላሂ» ብለው ወደኋላ ሲሉ የጋሪው ፈረስ ደነገጠ። እትዬ ከበቡሽ ከሰው ወደ ሰው እያዩ «ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁ። የሚመልስላቸው ሲያጡ ወደ እኔ ዞሩ።

ነገሩ ሲገባቸው ይጮኻሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጮኹም። «ግቡ እንጂ» አሉ። «ንፍሮው አይበላሽም።» ሰው ሁሉ ገባ፣ ፆም ስለነበር ንፍሮውን ከሻይ ጋር በላ፣ በኋላም ሳቅ መጣ። ከስልኬ ላይ ስለሳቸው የተጻፈውን አንድ በአንድ አስነበቡኝ። «እስቲ የአሥመራዋን ድገሚልኝ» አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያዳምጡት።

ጋሽ ጉልላት ግን ወደ ቢሮ ጠሩኝና በሩን ዘጉ። «ሰው እዝን ነው የላከው» አሉ። «የሞተ ሰው እዝን። አርባ ዓመት አስተማሪ ሆኜ ልጅ እንዳይዋሽ ስቀጣ ኖሬ፣ ዛሬ በእኔ ማኅበር ስም ሰው ተዋሸ። አሁኑኑ አውርጂው። በሕይወት አለች ብለሽ ጻፊ። ገንዘቡን መልሱልኝ ለሚል ሁሉ እንመልሳለን።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ኔትወርክ የለም ብዬ ለጋሽ ጉልላት ነገርኳቸው።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ዛሬም ኔትወርክ የለም አልኳቸው። አመኑኝ። ኔትወርክ እኮ ሁልጊዜ የለም።

ኔትወርክ ነበረ።

መጻፍ ከጀመርኩ ልጨርሰው። ኦሊያድ ሁለቱን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያሳየኝ «ባለቀለሟን ውሰጂ» ብሎኛል። «ይቺ ባለሻማዋ ለሌላ ሰው ከሠራሁት የተረፈች ናት፣ የለቅሶ ትመስላለች።» አይቻታለሁ። የለቅሶ እንደምትመስል ከእሱ በፊት አውቄያለሁ። እዚህ አገር ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከሻማ ጋር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። «አትመስልም፣ ታምራለች» አልኩት።

በሕይወት ያለች እናት ያላስደወለችውን ሰው የሞተች እናት ታስደውለው ይሆናል ብዬ ነው። በዚህ ቃል አላሰብኩትም ነበር። ግን እጄ የመረጠው ይህን ብሎ ነው።

መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው? ጎህ ሳይቀድ፣ በሽማግሌ፣ ሰውየው በሚቀመጥበት ቤት፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ቆሞ። እናቴ ያጎቴን መርዶ ላለመናገር ሦስት ሳምንት ጥቁሯን ደብቃ ኖራለች። እኔ የእናቱን መርዶ በስልክ መስኮት፣ ሱቁ ውስጥ ቆሞ፣ ምናልባትም ለሰው ሲጋራ እየሸጠ እያለ ነገርኩት። ያውም ውሸት መርዶ። እሳቸው ያሉትን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ በቁማቸው ቀበርኳቸው።

ነገ አወርደዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ኖኪያዋ ጠረጴዛዬ ላይ ቻርጀር ላይ ነበረች። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ቁጥሩ በሃያ ሰባት፣ በደቡብ አፍሪካ ኮድ ይጀምራል።

አነሳሁት። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከዚያ «ሃሎ፣ እህቴ» አለ።

ከሄደ ስድስት ዓመት ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ ድምፁ ወፍሯል። ግን እሱ ነው። እሱ ግን እኔን አላወቀኝም።

«እህቴ፣ ይሄ የእናቴ ስልክ ነው። ማን እንደሆንሽ አላውቅም። ቀብሯ የት እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ። ማን ቀበራት? ሰው ነበራት?» እያለቀሰ ነበር፣ ወንድ ልጅ እንደሚያፍርበት አለቃቀስ። ሦስት ቀን ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ፀጉሩን ተላጭቷል። የሐዋሳ ልጆች በየተራ አብረውት ያድራሉ። «ደውዬላት አላውቅም» አለ። «ሁለት ዓመት። ዛሬ ነገ ሲያልፍልኝ ስል። ባዶ እጄን ምን ልበላት ብዬ።»

«እናትህ አልሞቱም» አልኩት።

«ምን አልሽ?» አለ።

«በሕይወት አሉ። ስህተት ነው። ፎቶው ስህተት ነው። ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፣ አሁን አገናኝሃለሁ።»

ከጀርባው አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ ጠየቀችው። ለሷ በዚያው ቋንቋ መለሰላት። ከዚያ የሕፃን ድምፅ «ዳዲ» አለ፣ አንድ ጊዜ፣ ቅርብ ሆኖ፣ ጉልበቱ ላይ የተቀመጠ ይመስላል።

«ማን ልበል እህቴ?» አለኝ።

«የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ» አልኩት።

ግቢውን ተሻግሬ ስልኳን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። «መስመር ላይ ነው» አልኳቸው። ከዚህ ሌላ የምለው አልመጣልኝም። እትዬ ከበቡሽ ስልኳን ወዲያው አላስጠጉም፤ አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ በማላውቀው ቀጥ ያለ ድምፅ «ሃሎ፣ ሐዋሳ» አሉ።

ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ፎቶዋን አወረድኩ። ባለቀለሟን ለጠፍኩ። «ወይዘሮ ከበቡሽ በሕይወት አሉ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የላካችሁትን የምትፈልጉ እንመልሳለን» ብዬ ጻፍኩ፤ ሥሩ ላይ ስሜን። ከዚያ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው ብዬ ለወጥ ቤቷ ነገርኳት፤ ግማሹ እውነት ነው።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

እዝኑን መልሱልኝ ያለው ሰው ሦስት ብቻ ነው። ጋሽ ጉልላት ለሦስቱም ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር መለሱ። ሌላው ሁሉ «ለሕይወታቸው ይሁን» አለ። አንዷ «ሳልሰናበታት ሞተች ብዬ ነበር፣ እንኳን ቀረላት» ብላ እጥፍ ላከች። ከባለቀለሟ ፎቶ ሥር ያሉት ኮሜንቶች ሳቅ ናቸው።

አቶ ጠሀ መጡ። ኪራዩ ግማሹ እንኳ አልሞላም። ወንበር ሳይስቡ ቆመው «እኔ ከሞት የተመለሰች ሴት ከግቢዬ አላስወጣም» አሉ። «ግማሹን ስጡኝ፣ ግማሹን እስከ መስከረም። መካኒኩ ሌላ ቦታ ይፈልግ።» ጋሽ ጉልላት መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

ጋሽ ጉልላት ስለ ኔትወርኩ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር። ለምን እንደማይጠይቁኝ እያሰብኩ ነው።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ስልኳ ጠረጴዛዬ ላይ የለችም። አሁን ከትራሳቸው አትለይም፤ ለእሳቸው ክፍል አዲስ ሶኬት ተሠራላቸው። እጄ አሁንም ጠዋት ጠዋት ወደዚያች ጥግ ይሄዳል።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ፣ ሆሳዕና

እትዬ ከበቡሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግንባራቸው ላይ ዘንባባ አስረው ነበር። እኔም ከቸርች ወደ ግቢው ጎራ አልኩ። እሑድ ምን ሥራ አለሽ የሚለኝ ሰው አልነበረም።

«ቁጭ በይ» አሉኝ። ከአጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«ባለሻማዋን ማን መረጣት?»

«እኔ።»

«አውቄያለሁ» አሉ። ዘንባባውን ከግንባራቸው ፈትተው ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት። «ያንን ቀን በሩን ስከፍት ፊትሽን አየሁት። የሰው ሁሉ ፊት ደንግጧል፤ ያንቺ ብቻ ይጠብቅ ነበር።»

ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«ያን ጊዜ ያስወጣሁሽ እኔ ነኝ። እኔ ባላስወጣሽ እሱም አይወጣም ነበር። ስለዚህ ማን ማንን እንደቀበረ እንተወው።»

ሐይቁ በኩል ነፋስ ነበር። ከዚያ የማልጠብቀውን ነገር ተናገሩ።

«በየእሑዱ ይደውላል። ብቻውን ነው፣ ሥራ ብቻ ነው ያለው። ከጀርባው ምንም ድምፅ የለም።»

እኔን ሳይሆን በሩን እያዩ ነበር። ምንም የማይስተው ጆሮ ያላቸው ሴት፣ ያ ሕፃን «ዳዲ» ሲል አልሰሙም። እኔም አልሰማሁም። «እሺ» አልኳቸው።

«ማን ነው ያን ዕለት ያነሳው ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አሉት?»

«ፅጌ ናት አልኩት።» ስሜን ከአፋቸው ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። «ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ።»

«ተቆረጠ?»

«ጮኸና ተቆረጠ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ኦፕሬተር ነኝ፣ አውቃለሁ።»

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ፋሲካ አለፈ። ሄኖክ ደውሎ ለአሥራ ሰባቱም በየተራ እንኳን አደረሳችሁ አለ። ስልኳ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር እኔ ቢሮ ነበርኩ፤ የሚጻፍ ሪፖርት ነበረኝ። ሪፖርቱን አልጻፍኩም።

ዛሬ የካርድ ቀን ነበር። ከሱቅ ገዝቼ ስመለስ እትዬ ከበቡሽ የእኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የራሳቸው ካርድ ይዘዋል፤ በጥፍራቸው ፍቀው ጨርሰውታል። የገዛሁትን ከእጄ ወሰዱና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«የእኔ ከእንግዲህ አይዘጋም» አሉ። «ስልክሽን አውጪ።»

የፋቁትን ካርድ ቁጥር እንደ ድሮ ሥራቸው አንድ በአንድ፣ ጥርት አድርገው አነበቡልኝ፣ እኔም አስገባሁት። አምስት ብር ገባልኝ።

«ቁጥርሽን አልቀየርሽም አይደል?» አሉ።

«አልቀየርኩም።»

«በስድስት ዓመት?»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ። ስልኬን ኖኪያዋ ትውልበት ከነበረው ሶኬት ሰክቼ ሪፖርቱን መጻፍ ጀመርኩ።